የበረሃ ጀንበር በደገኛ ዓይን

እኛ የጅጋና የፍኖተ ሰላም፣ የደምበጫና የቡሬ ሰዎች በረሃን የምናውቀው በእግራችን ረግጠን ሳይሆን በጆሯችን ሰምተን ነው። እስራኤል አርባ ዘመን የተንከራተቱበትን፣ መጥምቁ ዮሐንስ አንበጣና የበረሃ ማር እየተመገበ ስለ ንስሐ የጮኸበትን፣ ጌታችንም አርባ መዓልትና አርባ ሌሊት የጾመበትን ገዳመ ቆሮንቶስን ከልጅነታችን ጀምሮ በዐውደ ምሕረት ቆመን ስንሰማ አድገናልና፣ የበረሃ ስም በተነሣ ቁጥር በሕሊናችን የሚሣለው ምድር ድንጋዩ የበዛ፣ ውሃው የራቀ፣ ሰይጣኑ ግን በጣም የቀረበ አገር ነው። ከመጻሕፍቱ ውጭ ያለውም ዕውቀታችን ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ለጎጃም ገበሬ በረሃ ማለት ከብት የሚያልቅበት፣ ወባ የማይጠፋበት፣ ሰው የሸፈተ እንደ ሆነ እንጂ በደኅና ጊዜ የማይወርድበት ቆላ ስለ ሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የግድ የምናቋርጠውን የዓባይን በረሃ እንኳ የአውቶቡሱን መጋረጃ ስበን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ቀዝቃዛው ነፋስ ፊታችንን ሲመታው «ተመስገን» ብለን የምናልፈው ነገር ነው።

ዳሩ ግን በረሃው እኛን ከማወቅ የቦዘነበት ጊዜ አልነበረም። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ከአሳሌ የጨው ሜዳ እየተጠረበ የሚወጣው አሞሌ በግመል ተጭኖ ደጋውን ከወጣ በኋላ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ፣ ከአህያ ወደ በቅሎ እየተላለፈ የጁቤ አጠገብ እስከ ነበረው እስከ ስመ ጥሩው የባሶ ገበያ ድረስ ይዘልቅ ነበርና፣ ለብዙ ዘመን ቡናውና ዝባዱ፣ ጥጡና ማሩ በጎጃም ገበያ የሚሸመተው በዚሁ የበረሃ ቁራጭ ነበር። የማሪያ ቴሬዛን ብር በመቀነቱ የቋጠረ ሰው ቢርበው ብሩን ከማየት በቀር የሚያደርገው አልነበረውም፤ አሞሌ ያለው ሰው ግን ወጡ ጨው ያነሰው እንደ ሆነ ከሀብቱ ዳር ትንሽ ፈቅፍቆ መጨመር ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ገንዘብ ዛሬ የትኛውም ባንክ አያወጣም። አያቶቻችን እንግዲህ በረሃውን ሳያዩት ሲልሱት ኖረዋል ማለት ነው።

በዘመናችን ያው በረሃ በሌላ በር ተመልሶ ገባ፤ በፎቶግራፍ በር። በ2002 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7 ለናሙና ይዟቸው ከመጣ ስምንት ሥዕሎች አንዱ «ዴዘርት» የሚል ስም የተሰጠው የቀይ አለትና የቀይ አፈር ምድር ነበረና፣ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስከ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር በገባበት ሁሉ ይህ በረሃ ሳይጠራ አብሮ ገባ። የፎቶ ቤት ባለሙያዎችም ያገኙትን የሚንቁ ሰዎች አይደሉምና፣ ሙሽሮችን በፎቶሾፕ ከሠርጉ ድንኳን ቆርጠው በማውጣት በዚያ በረሃና እርሱን በመሰሉ ሌሎች በረሃዎች ፊት፣ በምትገባ ጀንበር ሥር ያቆሟቸው ጀመር። የሙሽራው ካባ በሐምሌ ዝናብ የበሰበሰ ቢሆንም፣ የሙሽራዪቱ ጫማ የጅጋን ጭቃ ተሸክሞ ቢመጣም፣ ሁለቱ ሰዎች ኮቴያቸው ሳይታይ በአሸዋ ላይ ተንሳፍፈው፣ የአለቱ ጥላ ወደ ቀኝ ሲወድቅ የእነርሱ ጥላ ወደ ግራ ሲወድቅ፣ በፍጹም ደስታ ፈገግ እንዳሉ በመስታወት ተከድነው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ።

የእኅቴ ልጅ በጅጋ በአውራ ጎዳናው ዳር የከፈታት ፎቶ ቤት ከዚህ ልማድ የራቀች አልነበረችም። ሥራ ፈትቼ ከደጃፏ ስቀመጥ የሰማሁትን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃኝም፤ አንዱን ግን አልተወውም። የልጁን የሠርግ ፎቶ ሊወስድ የመጣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ልጁንም ምራቱንም በዓይኑ አልፎ፣ ከኋላቸው የተዘረጋውን ሜዳ አተኩሮ ሲመለከት ቆየና፣

«ይኸ ሁሉ መሬት ጾም ያደረው ለምንድን ነው? ባለቤቱ ወራሽ ሳይተው ሞቶ ነው ወይስ በክርክር ላይ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«በረሃ እኮ ነው አባቴ፤ አይታረስም» አለው ወጣቱ።

«ቢሆንም በሬ የሚያውል ሣር አያጣም ነበር» አለና፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። በዓይኑ ስንት ጥማድ እንደሚወጣው መለካቱን ግን ከፊቱ አይቻለሁ።

የእኅቴ ልጅ ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ ሲሰማ ከርሞ አንድ ቀን «ጋሼ፣ በሰው በረሃ እስከ መቼ እንተዳደራለን? የራሳችን በረሃ እያለን!» አለኝ። ነገሩ ከንግድ ይልቅ ለአርበኝነት የቀረበ ስለ መሰለኝ እምቢ ማለት አልቻልሁም፤ የሰሜኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በነበረው የሰላም ጊዜ፣ በኅዳር ወር፣ ከመቐለ ተነሥተን በበርሃሌ በኩል ወደ ሐመድ ኤላና ወደ አሳሌ ሐይቅ ወረድን። መውረድ የሚለውን ቃል አንባቢ በቀላሉ እንዳያልፈው እለምናለሁ፤ መኪናው ከደጋው አፋፍ ጀምሮ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ይውላል፣ ወርዶ ወርዶ ባሕር ወለል ላይ ሲደርስ ማቆም ሲገባው እንደ ገና ይወርዳል፣ የሚያበቃውም ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ካለፈ በኋላ ነው። አሜሪካኖች በጥልቀቱ የሚመኩበት የሞት ሸለቆ 86 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ በዚህ እንበልጣቸዋለን፤ ጎረቤታችን ጅቡቲ የ155 ሜትር ዝቅታ ያለው ሐይቅ እንዳላት ግን በአገር ፍቅር ምክንያት አናነሣም። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በዳሎል በተደረገው ልኬታ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አማካይ ማለት ሌሊቱም፣ ብርዱም፣ የታኅሣሥ ንጋትም ተደምሮበት ማለት ነው። ወጣቱ ገና ከመኪናው ሲወርድ ስልኩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሥራ ማቆሙን በጽሑፍ አስታወቀ። በጥላ ሥር ተቀምጦ ይህንኑ ያላለ ሰው ከመካከላችን አልነበረም፤ ልዩነቱ እኛ በጽሑፍ አለማድረጋችን ነው።

የበረሃን ምሽት በፎቶግራፍ ለመያዝ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጠላት ራሷ ፀሐይ ናት። ጀንበር ወደ አድማስ ስትጠጋ ለዓይናችን ትገዝፋለች፤ የገዘፈችው ግን በሐሳባችን እንጂ በሰማይ አይደለም፤ ክንዱን ዘርግቶ በትንሿ ጣቱ ጥፍር የጋረዳት ሰው በቀትርም በሠርክም እኩል ስትከደን ያገኛታል። ካሜራ ደግሞ ሐሳብ የሌለው ፍጥረት ስለ ሆነ ያየውን ብቻ ይናገራል፤ ፀሐይ በፊልም ላይ የምትይዘው ስፋት የሌንሱ ርዝመት ለ110 ያህል ሲካፈል የሚገኘው ነውና፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም፣ በሰፊው የ28 ሚሊሜትር ሌንስ ሩብ ሚሊሜትር ትሆናለች፣ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ለማድረስ የ300 ሚሊሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። በተራ ስልክ የሚያነሣው ሰው ሁሉ ከሰፊው ወገን ነው። ዓለምን ሁሉ የሞላች መስላ የታየችው ጀንበር በሥዕሉ ላይ ስትፈለግ «የታለች?» የምታሰኘው፣ ሰዎችም ስልካቸውን በሁለት ጣት እየለጠጡ የሚያፈጥጡት በዚህ ምክንያት ነው። የእኅቴ ልጅ ይህን ያውቅ ስለ ነበር ረጅም ሌንስ ከአዲስ አበባ ተከራይቶ አንጠልጥሎ መጥቶ ነበር፤ የኪራዩን ዋጋ ለእናቱ እንዳልነግር አስምሎኛልና እዚህም አልጽፈውም።

ሁለተኛው ነገር የሰማይና የምድር ድርሻ ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው አድማስን በሥዕሉ እምብርት ላይ አጋድሞ ለሰማይ እኩሌታውን፣ ለምድር እኩሌታውን ይሰጣል፤ ፍርዱ የቀና ይመስላል፣ ሥዕሉ ግን ይሞታል። በ1797 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ስለ ገጠር ምድር አሣሣል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉ በሦስት እጅ ቢከፈልና አንዱ ወገን ሁለቱን እጅ፣ ሌላው አንዱን እጅ ቢወስድ እንደሚያምር አስረድቷል፤ ዛሬም የፎቶግራፍ አስተማሪዎች ሁሉ ይህንኑ ይደግማሉ። ወጣቱ ይህን ሕግ ከቪዲዮ ተምሮ እንደ አዲስ ነገር ሲያብራራልኝ በትዕግሥት ሰማሁት፤ ነገር ግን አገሩ ሲሶው ለነጋሽ፣ ሲሶው ለቀዳሽ፣ ሲሶው ለአራሽ ተከፍሎ ይተዳደር ነበር ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው የሲሶን ነገር እንግሊዝ አያስተምረውም። ክርክሩ ያለው ሁለቱን ሲሶ ማን ይውሰድ በሚለው ላይ ነው። ደመና ካለ ሰማዩ ይውሰድ፤ ደመና ከሌለ ግን፣ በበረሃም በአብዛኛው የለምና፣ ባዶ ሰማይ ሁለት ሲሶ መያዙ እንዲያው ያለ ሥራ የተሰጠ ጉልት ስለ ሆነ መሬቱ ቢወስደው ፍርድ ነው። በአሳሌ ደግሞ መሬቱ የሚያሳየው አለው፤ ውሃው በተነነበት ቦታ ጨው ደርቆ በአምስትና በስድስት ማዕዘን እየተሰነጠቀ፣ የስንጥቁም ከንፈር ወደ ላይ እየተቆለመመ፣ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ይነጠፋል፤ ጀንበር ዝቅ ስትል እያንዳንዷ ከንፈር የራሷን ጥላ ታወጣለች። ይህንን ለመያዝ ካሜራውን በደረት ልክ መያዝ አይበቃም፤ ተንበርክኮ፣ አልፎም በሆድ ተኝቶ ከጨው ጋር መተካከል ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም ሱባዔ ስግደት የለመደ ጉልበት እዚህ ላይ ከፈረንጅ ጉልበት እንደሚሻል በዐይኔ አይቻለሁ፤ የወጣቱ ሱሪ ግን ሲመለስ በጨው ደርቆ ብቻውን መቆም የሚችል ሆኖ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ባዶነት ነው። ጎጃሜ ዐይኑ ሙሉ ነገር ለምዷል፤ ከደጁ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ ማዶ በቆሎው፣ ከበቆሎው ማዶ የጎረቤት ጣሪያ፣ ከጣሪያው ማዶ ተራራው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ከዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ክንድ መሬት ብትተርፍ በርበሬ ይተክልባታል። የቤተ ክርስቲያናችንም ሥዕል በዚሁ ዐይን የተሣለ ነው፤ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ጻድቁ ከሰማዕቱ፣ ሰማዕቱ ከመልአኩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቆማል፣ ከእግራቸው ሥር መሬት፣ ከራሳቸው በላይ ሰማይ፣ በሁለቱ መካከልም አድማስ የሚባል መስመር ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በነበረው በሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት የተሣሉትን፣ እቴጌዪቱ በጣና በደቅ ደሴት ያሠሯትን የናርጋ ሥላሴን ዓይነት ሥዕሎች ብንመለከት፣ ከቅዱሳኑ ኋላ ያለው መደብ ከብጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ ሲለወጥ እናያለን። ያን መደብ ሰማይ ነው ብሎ የተናገረ ሠዓሊ ስለ መኖሩ ማስረጃ አላቀርብም፤ እኔ በበኩሌ ግን ከአሳሌ ዳር ቆሜ ምዕራቡን ስመለከት፣ ያየሁት ሰማይ ቅዱሳኑ ለጊዜው ወጣ ያሉበት የናርጋ ግድግዳ ነው ብዬ ከመደምደም የሚከለክለኝ አላገኘሁም።

ፎቶግራፍም በአገራችን ሥር የሰደደው በሰው ፊት በኩል ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፣ ልጆቹም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራውን ቀጠሉ፤ ንጉሡ በዙፋን፣ መኳንንቱ በካባና በጎራዴ፣ ሁሉም ፊት ለፊት አፍጥጦ ተነሣ። ስለዚህ በጅጋ ሰው የሌለበትን ፎቶግራፍ ለሰው ብታሳየው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ይፈትሽና «ታዲያ ማን ተነሣና ነው?» ይልሃል። የእኅቴ ልጅ ይህን እያሰበ በጨዉ ሜዳ ላይ አንድ ሰው የሚያክል ነገር፣ ድንጋይም ቢሆን፣ ሲፈልግ ቆይቶ ሹፌሩን ሊያቆም ሲል በስተ ምሥራቅ በኩል የግመሎቹ ሰልፍ ብቅ አለ።

አርሖ የሚባለው የጨው ቅፍለት አሞሌውን ጭኖ ከሜዳው የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሚሄደውም ወደ ምዕራብ ወደ ደጋው ስለ ሆነ ጀንበር በምትገባበት ሰዓት ግመሎቹ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው ይጓዛሉ። ለፎቶግራፍ አንሺ ከዚህ የተመቸ ዝግጅት የለም፤ ሰማዩ በርቶ፣ ግመሎቹ ጠቁረው፣ እግራቸው ከጨዉ ተለይቶ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ግመሎቹ ጭራ ከአፍንጫ ታስረው የተጠጋጉ ስለ ነበሩ ከጎን ሲታዩ ተደራርበው፣ እግሩ የበዛ አንድ ረጅም አውሬ ሆኑበት። ወጣቱ ሌንሱን አቅፎ እየሮጠ ከቅፍለቱ መሪ ፊት ደረሰ። ጨዉ ነጩን ጋቢውን ያጠነከረበት፣ ፊቱ የተጨማደደ ሽማግሌ ነበር።

«አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሷቸውና ተራርቀው እንደ ገና ይምጡልኝ» አለው በትሕትና።

ሽማግሌው ሳይቆም፣ አማርኛውን ከሩቅ እየጠራ በማምጣት፣ «ግመል ወደ ኋላ አያውቅም። አንተ ወደ ፊት ሂድ» አለው።

ይህ መልስ ስለ ፎቶግራፍ አቀነባበር ከሰማሁት ትምህርት ሁሉ በላይ የሚጠቅም ሆኖ አገኘሁት። ወጣቱ ታዘዘና ሩቅ ወደ ፊት ሮጦ፣ ወደ ጎንም ራቅ ብሎ ተንበረከከ፤ ከዚያ ሆኖ ሲያያቸው ግመሎቹ ከፊት ወደ ኋላ ተዘርዝረው፣ በእያንዳንዱ መካከል ሰማይ እየገባ፣ ጥላቸውም በጨዉ ላይ ወደ ኋላቸው እየተዘረጋ መጡ። ቅፍለቱ ሲያልፍ ሽማግሌው ወደ እርሱ ዞር ብሎ ሥዕሉ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀው። ወጣቱ ሲያመነታ «አሞሌው ስንት እንደሚሸጥ ስትጠይቀኝ ነግሬሃለሁ» አለው። እውነት ነበር፤ ቀን ሐመድ ኤላ ላይ ጠይቆታል። የሥዕሉን ዋጋ ነገረው፤ ሽማግሌውም ጥቂት አስቦ፣ አንድ ሥዕል ከስንት አሞሌ ጋር እንደሚተካከል በጣቱ ቆጠረና ሳቀ። የሳቀው በማን ላይ እንደ ሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ወጣቱ የሰጠውንም ገንዘብ ሳይቆጥር በመቀነቱ ከተተው።

ከዚህ በኋላ የሆነው የእኔ ድርሻ ነው። በዚያ አገር ፀሐይ የምትገባው ከ12 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላ ነው፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ የትግራይ ደጋ ቆሞ ስለሚቀበላት ከእውነተኛው አድማስ ሳትደርስ ትሰወራለች፤ የታችኛው ጠርዟ ተራራውን ከነካበት የላይኛው ጠርዟ እስከ ጠፋበት ድረስ ያለው ጊዜም ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ያ ሦስት ደቂቃ ሲያልፍ የመጣው ጎብኚ ሁሉ፣ ፈረንጁም የአዲስ አበባው ሰውም፣ መጋረጃ የወረደ ይመስል ማቆሚያውን አጣጥፎ ወደ መኪናው ሮጠ፤ ሹፌሮቹም ጥሩንባ ነፉ። እኔ ግን ሰዓቱ የሠርክ ጸሎት ሰዓት ነበርና፣ ጸሎት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለ ሆነ፣ ጀርባዬን ለምዕራብ ሰጥቼ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምሁ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ እስክፈጽም ድረስ ማንም ያላየውን አየሁ። ከምሥራቁ አድማስ ላይ ሰማያዊና ግራጫ የሆነ ጨለማ እንደ ግምብ ቀና ብሎ መነሣት ጀመረ፤ ከእርሱ በላይም ጽጌረዳ የመሰለ ሮዝ መቀነት ከደቡብ እስከ ሰሜን ተዘርግቶ ነበር። ያ ጨለማ የምድር የራሷ ጥላ ነው፤ ፀሐይ በምዕራብ ስትሰወር የምንቆምባት ምድር ጥላዋን በምሥራቅ አየር ላይ ትጥላለችና። ከበላዩ ያለውን ፈረንጆች የቬነስ መቀነት ይሉታል፤ ከምዕራብ የተሻገረው ቀይ ብርሃን አየሩን መትቶ ሲመለስ የሚታይ ነው። ጨዉ ነጭ ስለ ሆነ የሁለቱንም ቀለም ተቀብሎ፣ ሥሩ ሰማያዊ፣ ማዶው ሮዝ ሆነ፤ በስስ ውሃ የተሸፈነውም ቦታ ግምቡን ገልብጦ አሳየ። አንድም ጥላ የለም፣ አንድም የሚያፈጥጥ ብርሃን የለም። ጸሎቱን ጨርሼ ልጁን ጠራሁትና በትከሻው ይዤ አዞርሁት።

ስለ ጉዳዩ ያለኝ ፍርድ ይህ ነው፦ በበረሃ ምሽት ፀሐይን ማንሣት የሚገባው ፀሐይን አይቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ብርሃኑን የምትሰጥ እርሷ ትሁን እንጂ፣ ብርሃኑን የተቀበለው መሬት፣ ጨው፣ የግመል ጎን፣ የሽማግሌ ጉንጭ ነው ሥዕል የሚሆነው። ታላቁ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1948 እ.ኤ.አ. ገደማ በሞት ሸለቆ የአሸዋውን ክምር በንጋት ሲያነሣ በጥቁርና በነጭ ፊልም ነበር፤ የንጋትን ቀይ ሙሉ በሙሉ ትቶ የአሸዋውን ጠርዝና ጥላውን ብቻ አስቀረ፣ ሥዕሉም ቀይ በመጉደሉ የቀረበት ነገር የለም። የእኅቴ ልጅ ግን ባለ ብዙ ቀለሙን አትሞ ሰቀለ፤ ደንበኞቹ ከሁሉ አስበልጠው የወደዱት የምሥራቁን ሮዝ ሰማይ ሲሆን፣ በረሃ መሆኑን ግን አላመኑም። የግመሎቹን ሥዕል የወሰደ አንድ ሙሽራ ግመሎቹ እንዲጠፉለትና በቦታቸው ሚዜዎቹ እንዲገቡለት አዝዟል፤ ተሠርቶለታል።

አንባቢ ሆይ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ አሳሌ ለመውረድ ብታስብ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውረድ፣ ውሃ ከምትጠጣው በላይ ያዝ፣ ከጨዉ ሜዳ ላይ በ11 ሰዓት ተገኝ፣ ጀንበር ከገባች በኋላም ሹፌሩ ምንም ያህል ጥሩንባ ቢነፋ ግማሽ ሰዓት ሳትቆይ አትሂድ። የቅፍለቱን መሪ ሳታነሣው በፊት አስፈቅደው፣ ዋጋውን ቀድመህ ስጠው፣ ስሙንም ጠይቀህ ጻፍ። ሥዕሉ የታተመ እንደ ሆነ አንዱን ለእርሱ ላክለት፤ የጨው መኪና ሹፌሮች ያደርሱታል።